ያልተነገረኝ ሳምንት

ስለ ደስታ የሚመክሩኝ ሰዎች በዝተዋል። የልብስ ስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ በሱቄ በረንዳ ላይ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ እስክጨርስለት ስልኩን ከፍቶ ምክር ያሰማኛል። አንዱ ደስታ ከውስጥ ይመነጫል ይላል፤ ሌላው ደስታ ምርጫ ነው ይላል። በስልኩ የሚታዩት ሁሉ ድምፃቸው ያማረ፣ ጥርሳቸው የነጣ ነው። እኔ ዐይኔን ከመርፌዬ አላነሳም። የኔን ለደንበኞቼ ብነግራቸው ሱሪያቸውን ሳይወስዱ የሚሄዱ ይመስለኛል። እኔ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት ልጄ በሞተበት ሳምንት ነው። እሱ ሞቷል፣ አገር ሁሉ አውቋል፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኛ ዘንድ ይህ ክፋት አይደለም፣ ወግ ነው። ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለአባት ለእናት አይነገርም፤ ለወዳጅ ነው የሚነገረው። ወዳጅ ለቅሬው ዳኛ ይነግራል። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በኛ መንደር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡና መርዶው መቼ እንደሚነገር፣ ማን እንደሚናገረው፣ ዘመድ ከየት ከየት እንደሚጠራ ይቆርጣሉ። እስከዚያ ሰውየው ምንም ሳይጠረጥር ይዋል፣ ይብላ፣ ይተኛ ነው። ሐዘን ከገባ በኋላ እህል በጉሮሮ አይወርድምና አስቀድሞ ጉልበት እንዲይዝ ይታሰባል። ሞት ያለበት ሰው ድንገት ግብዣ ይበዛለታል። እኔም በዚህ መንገድ ስንቱን አብልቻለሁ፣ ስንቱን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አጫውቻለሁ። የአባቶቻችን ጥበብ ነው እያልኩ ለወጣቶች ሳስረዳም ኖሬአለሁ። ዛሬ ጥበብ የሚባል ነገር ሲያነሱብኝ ደሜ ይፈላል።

የልጄ መርዶ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሆድ ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ከወንዙ ዳር የማንጎና የፓፓያ ማሳ አለው፤ ፍሬውን በጆንያ እያወጣ ለሚያልፉት መኪኖች ይሸጣል። እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አልተለያየንም። ጠባያችን ግን ጨርሶ አይገጥምም። እሱ ዝምተኛ ነው፤ አንድ ነገር ለመናገር ጠዋት አስቦ ማታ የሚወስን ዓይነት። እኔ ደግሞ ቁጡና ለፍላፊ ነኝ። ሰው እንዴት ተስማማችሁ ብሎ ሲጠይቀን እሱ "መች ተስማማን? ስንጣላ እኮ ነው ያረጀነው" ይላል። በእኔ ቀልድ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያችን ትከሻ ለማንቀጥቀጥ ስል ስንት ሰው ላይ አላግጫለሁ።

ሚስቴ ልጃችንን ወልዳ አራስ ቤት እያለች ሞተችብኝ። የጓደኛዬ ሚስት በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ታጠባ ነበር። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችው፤ ማንንም አላስፈቀደችም። ልጄ በእሷ ጡት አደገ። በእነሱ ሃይማኖት ደግሞ የጡት ልጅ ልጅ ነው፤ አብረው የጠቡትም እህትና ወንድም ናቸው። ካደገ በኋላ "መቸም ከኛ ቤት ምራት አትጠብቅ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ልጁ ሁለት ቤት ነበረው። የኛ ጾም ሲገባ ወተት ፍለጋ እነሱ ጋ ይሰፍራል፤ ረመዳን ሲገባ ቀን ቀን እኔ ጋ ይውላል። ሁለት ሃይማኖት አይቶ አንድ ጾም ሳይጾም አደገ እያልን እንስቅበት ነበር።

ጦርነቱ አልፎ ከተማው ነፍስ ሲዘራ ለወጣት የሚሆን ሥራ ጠፋ። ስፌት አስተምሬዋለሁ፤ አልወደደውም። ቁጭ ብሎ መዋል ለወገብ አይበጅም ይለኝ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የወረዳችን የሐብሩ ልጆች በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሳዑዲ ገባ። እዚያ በግንብ ሥራ ላይ ተሠማራ። ሲደውልልኝ ስለራሱ አያወራም፤ ስለ ስፌት መኪናዬ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ጡት እናቱ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ሁሌም "አባዬ፣ ልመጣ ነው" ይላል። ስለለመድኩት አላምነውም ነበር። ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ ሲሞት አብሮት የነበረ አንድ የጎረቤታችን የውርጌሳ ወጣት ወግ ያውቃልና ለእኔ አልደወለም። ለጓደኛዬ ደወለለት።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ለእኔ ሳምንቱ የጀመረው በአጥር ነው።

ጠዋት ወደ ሱቅ ልሄድ ስወጣ የቅሬው ዳኛና ጥቂት ጎረቤቶች መጥረቢያና ገጀራ ይዘው ደጄ ቆመዋል። ዳኛው አዛውንት ናቸው፤ ከከተማው ሰው ሁሉ የቀደሙ፣ ለመናገር የማይቸኩሉ።

"ምነው አባቴ፣ በጠዋት ምን ሊሠሩ መጡ?" አልኳቸው።

"ይኸ አጥርህ ፈራርሷል እኮ ልጄ። ለዐይን አላማረንም። እናብጅልህ ብለን ነው።"

"እስከ ዛሬ ዐይንዎ የት ነበር?"

"እርጅና ነው፤ አሁን ገና ታየኝ" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አጥሩን ሲያበጁ በሩን አሰፉት። ከግቢው መሐል የነበረውን ቁልቋል ቆረጡ፣ ድንጋዩን ለቀሙ፣ መሬቱን ደለደሉ። እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቁልቋሌ ምን አደረጋችሁ፣ የኔ ግቢ የስብሰባ ሜዳ ነው ወይ እያልኩ ስነታረክ ማንም አልመለሰልኝም። የኔን ነገረኛነት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እጥፍ አድርገው ይመልሱልኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንዱ ጎረቤቴ ቁልቋሉን ጎትቶ እያወጣ "ሌላ እንተክልልሃለን፣ አብሽር" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ታማሚ ጠያቂ ለስልሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ "ገባኝ"። በዚያ ሰሞን ከሳዑዲ የሚመለሱ ልጆች ብዙ ነበሩ። የልጄ ስልክ ደግሞ ለቀናት አልሠራ ብሎኛል። ጓደኛዬን ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ "ሊመልሷቸው ሲሰበስቧቸው ስልክ ይቀሟቸዋል ይባላል" አለኝ። አልዋሸም፤ እንዲያ ይባላል። ልጃችንን ሰብስበውታል አላለኝም። የቀረውን እኔ ራሴ ገጣጠምኩት። ስልኩ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሊመልሱት ነው። ጎረቤት ግቢ ያጸዳል፤ ስለዚህ መምጫው ደርሷል። ለእኔ አይነግሩኝም፤ ስለዚህ ሊያስደንቁኝ ነው። እንዲህ ቆርጬ ስሰፋው እጅጌው ከትከሻው፣ አንገትጌው ከደረቱ ገጠመ። አንድ ነገር እንደደበቁኝ ነቅቼባቸዋለሁ፤ እሱ ላይ አልተሳሳትኩም።

ስንቱን በዚሁ ወግ ያስተዛዘንክ ሰው እንዴት አልጠረጠርክም የሚለኝ ብዙ ነው። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። የሰው ልጅ የሚፈልገውን ለማመን ማስረጃ አያንሰውም፤ ሌላ መልስ አላገኘሁም። ሞት ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲሄድ ከሩቅ ዱካውን እለያለሁ። ወደ ቤቴ ሲመጣ ግን ልጄ የመጣ መሰለኝ።

ደስታቸውን እንዳላበላሽባቸው ብዬ የማላውቅ መሰልኩ። በገበያ ሳልፍ ሰዎች ሲያዩኝ ዐይናቸውን ይሰብራሉ፤ እኔ በልቤ እስቃለሁ። ሽንኩርት ሻጯ ሳልጠይቃት ሳህን ሙሉ ሽንኩርት ጨመረችልኝ። ሥራ ሰጥተውኝ ሲነታረኩኝ የኖሩ ደንበኞች "አትቸኩል፣ ሲመችህ ይደርሳል" ይሉኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ደግ ነበር። አንድ ቀን የማውቃቸው አሮጊት በረንዳዬ ሥር ቆመው ሲያዩኝ ዐይናቸው እንባ ሞላ። "አይዞዎት እናቴ፣ ደስታም ያስለቅሳል" አልኳቸው፣ ሚስጥሩን እንደማውቅ በዐይኔ ጠቀስ እያደረግሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ምስኪን፣ ሚስጥር መጠበቅ አይችሉም ብዬ አዘንኩላቸው።

የጓደኛዬ ሚስት በዚያ ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ጓደኛዬ ጉንፋን ይዟታል አለኝ። ማርና ሎሚ ላክሁላት። "ልጅሽ ሲመጣ ተኝተሽ እንዳትጠብቂው በላት" ብዬ መልእክት ጨመርኩ። ጓደኛዬ ሎሚውን በእጁ እያገላበጠ "እነግራታለሁ" አለ።

ዕለት ዕለት ይመጣ ነበር። ማሳውን ትቶ ማሽኔ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጥና እስከ ምሽት አይነሳም። አንድ ቀን ሙክት እየጎተተ መጣ። እሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም፤ ይህ በመካከላችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ የሚያስቀይመን ነገር የለውም። ክርስቲያን ጎረቤት ጠርቶ አሳረደልኝ። እኔ ሥጋ ስበላ እሱ ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ በሻይ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ብላ" ይለኛል።

"እየበላሁ አይደል?"

"ጨምር።"

"ልታርደኝ ነው የምታደልበኝ?"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቀ ብዬ ደስ አለኝ። ስለዚህ ቀጠልኩ። የቅሬውን ዳኛ አነጋገር አስመሰልኩ፣ ልጁ ሕፃን ሆኖ በረመዳን የሰረቀውን ቴምር አነሳሁ፣ ሲመጣ ሚስት ሊፈልጉለት የሚሰለፉትን አክስቶች አንድ በአንድ ተረክሁ። እንደዚያ ቀን አውርቼ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ የሚወጣው ራሱን ችሎ ነበር። ጓደኛዬ ዳቦውን እንደያዘ ትከሻው አላቆመም።

ከዚያ ወልድያ እንሂድ አልኩት። ልጁ የሚተኛበት ፍራሽ እገዛለሁ ብዬ። የድሮው ፍራሽ አይጥ በልታው ነበር። ጓደኛዬ "ይቆይ፣ ምን አስቸኮለህ?" ቢለኝ ዐይኔን አጥብቤ አየሁትና "አንተ ታውቃለህ ለምን እንደምቸኩል" አልኩት። ክው አለ። ሚስጥሩን ስለነካሁበት የደነገጠ መስሎኝ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ አስገባሁት። እስከ ሲሪንቃ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። እኔ ግን ለማላውቃቸው ተሳፋሪዎች ሳይቀር ሳወራ ነበር። ረዳቱ "ሰርግ ነው እንዴ የምትሄዱት?" ብሎ ጠየቀን፤ "ከሰርግ የሚበልጥ ነው" አልኩት።

ወልድያ ላይ በባጃጅ ወደ ገበያው ወጣን። ፍራሽ ሻጩ ፍራሾቹን ሱቁ ፊት ለፊት ደርድሯል። ጫማዬን አውልቄ በአንዱ ላይ ተጋደምኩ፤ ሻጩ ሳቀ። ምቾቱ ደህና ነው፣ ርዝመቱ ግን አጠራጠረኝ። ልጄ ረጅም ነው፤ ቁመቱ ጓደኛዬን ያክላል። "ና አንተ ተኛበት፣ እግርህ ካልወጣ ይበቃዋል" አልኩት። እምቢ አለ። ጎተትኩት። መጨረሻ ላይ ጫማውን አውልቆ በጀርባው ተጋደመ። እግሩ አልወጣም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ፤ ከሚገባው በላይ ቆየ።

"ተነሳ እንጂ፤ እንቅልፍህን ቤትህ ሄደህ ተኛ" አልኩት።

ተነሳና ጫማውን ለማሰር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ማሰሪያውን ሲያስር ጊዜ ወሰደበት። እኔ ከሻጩ ጋር ክርክር ይዤ ነበርና አላየሁትም ማለት ይቻላል።

መርሳ ስንደርስ ፍራሹን ከሚኒባሱ ጣሪያ አወረዱልን። ለሁለት እንያዘው ስለው ጓደኛዬ ብቻዬን ካልተሸከምኩ አለ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ በራሱ ላይ ተሸክሞት ከፊቴ ሄደ፤ ፍራሹ ግራና ቀኝ ታጥፎ ፊቱን ሸፍኖት ነበር። በመንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቁጭ ያሉት ተነሱ። ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው ነው የተነሱት። እኔ ለፍራሹ መንገድ የለቀቁ መሰለኝ፤ እጄን እያነሳሁ አመሰገንኳቸው።

በማግሥቱ ለፍራሹ አበባ ያለበት ልብስ ሰፋሁለት። እስካሁን ከሰፋኋቸው ሁሉ እንደዚያ የተጠነቀቅሁበት የለም። ስፌቱን እየጨረስኩ፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ አርፋ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሳለ "ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?" ማለቴን አስታውሳለሁ። ጓደኛዬ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ የሚናገረው ሲያጣ እንደዚያ ይላል።

ከዚያ በኋላ ባለው ንጋት የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። በግቢው ውስጥ ሳል አለ፣ የታፈነ ንግግር አለ። ልጄ መጣ አልኩ። ደህና የምላትን ኮት ለበስኩ፣ ፀጉሬን በእጄ አስተካከልኩ፣ በሩን ከፈትኩት። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ከውርጌሳ፣ ከግራና፣ ከወልድያ የመጡ ዘመዶቼ ቆመዋል። ያጸዱልኝ ግቢ ለሁሉም በቅቷቸዋል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እየሳቅሁ "ደረሰ?" አልኳቸው።

ዳኛው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። እሱ ከፊት ነበር፤ ከኋላው ሚስቱ በሁለት ሴቶች ተይዛ ቆማለች። ፊቷን ሳየው ጉንፋን አለመሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

"ልጃችን አርፏል" አለ ጓደኛዬ። "ሁላችንም ወደ ፈጣሪ ነን።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ የሁሉም ቤት ለቅሶ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ብቻ ልበል። ሐዘን ላይ የሚቀመጥ ሰው መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ለእኔ የነጠፉልኝ አበባ ያለበትን ነው፤ ሌላ ስላልነበረ።

መጀመሪያ በጓደኛዬ አልተቆጣሁም። ወግ ነውና ይደረጋል አልኩ። ለቅሶው አልቆ ዘመድ ሲበተን ግን ዳኛው አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን፣ እኛስ ቶሎ ልናረዳህ ነበር አሉኝ። ሽማግሌው ሁሉ አንድ ቀን ቆርጦ ሳለ ጓደኛዬ ቀን ጨምሩልኝ ብሎ ለመነ። የግራናው ዘመድ አልደረሰም አለ። ሲጨመርለት እንደገና ለመነ። የግራናው ዘመዴ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚሁ መርሳ እንግዳ ቤት ተደብቆ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ዳኛው ይህን ሲነግሩኝ ክፉ አስበው አይደለም፤ ጓደኛዬ ምን ያህል እንዳሰበልኝ ሊያሳዩኝ ነው።

እኔ ግን ተቃጠልኩ። ወግን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ባለቤት የለውም። ይህ ግን ባለቤት ነበረው። ወልድያ የሄድነው በተጨመሩት ቀናት ነው። ፍራሹ የተገዛው፣ አበባው የተሰፋው፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል ያልኩት በተጨመሩት ቀናት ነው። ልጄ አፈር ለብሶ እኔን ያሳቀኝ፣ በገበያ መሐል ያስጨፈረኝ እሱ ነው አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ሰላምታውን አልመለስኩም። በርጩማዋን ከማሽኔ አጠገብ አንስቼ ጓዳ አስገባኋት። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድን ሰው ላለማየት ብዙ ድካም ይጠይቃል። እሱ በአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ጆንያውን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ እኔ ወዲህ ማዶ እሰፋለሁ፤ በመካከላችን መኪና ሲያልፍ ሁለታችንም ቀና እንልና ዐይናችን እንዳይገናኝ ቶሎ እናቀረቅራለን። ሽማግሌ ላከ፤ መለስኩት። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነበር። ያን ሳምንት ልጠላው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ብቻዬን ስሆን ሚኒባሱ ውስጥ ያወራሁት፣ ሥጋው፣ በረንዳው ላይ ያረፈችው ፀሐይ ይመጡብኛል፤ ይናፍቁኛልም። እንዲህ ዓይነት አባት ነኝ ብዬ ራሴን እጸየፋለሁ። እውነተኛ ደስታ አልነበረም ብዬ ልናገር እፈልግና ደግሞ ከዚያ የበለጠ እውነተኛ ሌላ ደስታ ከየት ላምጣ? ዕድሜዬን ሙሉ እውነት እያወቅሁ የኖርኩበት ጊዜ ያን አልሰጠኝም።

መስከረም ከገባ በኋላ የጓደኛዬ ሚስት ሱቄ መጣች። የሚሰፋ ነገር አልያዘችም። ሳላስቀምጣት ራሷ ጓዳ ገብታ በርጩማዋን አውጥታ ተቀመጠች።

"እኔንም አላናግርም ልትለኝ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ምን አደረግሽኝ?"

"እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። ጉንፋን ነው ብዬ ማርህን በልቻለሁ።"

እሷ ማዶ ወደ ባሏ ጆንያዎች እያየች ቀጠለች።

"በየማታው ካንተ ጋ ሲመጣ እበሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ከዚያ ይገባና ያልከውን ሁሉ ይነግረኛል። ዛሬ እኮ እንዲህ አለ፣ ዳኛውን እንዲህ አስመሰላቸው ይለኛል። እኛ ቤት እያለቀስን እንስቅ ነበር። ወላሂ ያበድን መስሎኝ ነበር። በቃ ንገሩት፣ ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም ብዬ ስጮህበት ነገ ይለኛል። ነገ ሲመጣ ነገ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ሄደህ ጠይቀው። መልሱን ካልወደድከው ከዚያ በኋላ ሰውየውን ተወው።"

ስትሄድ በርጩማዋን ከነበረችበት ቦታ፣ ከማሽኔ አጠገብ፣ ተወቻት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጓደኛዬ ማሳው ውስጥ ነበር፤ የውኃ ተራው ደርሶት በአካፋ ቦይ እየከፈተ ማንጎዎቹን ያጠጣል። ሲያየኝ ሥራውን አላቆመም። ቦዩን ጨርሶ አካፋውን አስደግፎ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከስቷል። ስንት ጊዜ በአስፋልቱ ማዶ ሳየው ይህን አላስተዋልኩም።

"የግራናውን ዘመድ አታንሳብኝ" አልኩት። "እውነቱን ንገረኝ። ሽማግሌው በቆረጠው ቀን ለምን አልነገርከኝም?"

ለመናገር የሚወስድበትን ጊዜ ስለማውቅ ጠበቅሁት። ውኃው ደረቁ መሬት ላይ ሲሰርግ ይሰማል።

"ስለሱ ዋሽቻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ" አለ በመጨረሻ። "ሰው ሁሉ ላንተ ያሰብኩ ይመስለዋል። አመሰገኑኝም። ላንተ ብዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ሚስትህ የሞተች ጊዜ አይቼሃለሁ። ያኔ ልጁ መለሰህ። እሱ ባይኖር አትመለስም ነበር። አሁን የሚመልስህ እንደሌለ አውቃለሁ። መርዶውን በነገርኩህ ጠዋት አንተም እንደምትሄድ ታየኝ። የሚበላ፣ የሚሰፋ፣ የሚቆጣ ሰውዬ ይቀራል። አንተ ግን አትኖርም።" አካፋውን በጣቱ ጠረገው። "ልጁን በዚያ ስልክ ቀብሬዋለሁ። አንተንም በዚያው ሳምንት መቅበር አቃተኝ። ሳሳሁብህ። ጥቂት ቀን ካንተ ጋር ልሰንብት ብዬ ነው።"

ልቆጣው ቁጣዬን ፈለግሁት፤ አልነበረም። ተሳስተሃል፣ ይኸው አለሁ፣ የትም አልሄድኩም ልለው ፈለግሁ። እንደድሮው አንድ የሚያስቅ ነገር ተናግሬ ትከሻውን ላንቀጠቅጥለት ፈለግሁ። ዳኛውን ላስመስል አስቤ ድምፃቸው እንኳ እንዴት እንደነበር ጠፋኝ። አፌን ስከፍት የወጣው "የውኃ ተራህ እስከ መቼ ነው?" የሚል ነው።

"እስኪመሽ" አለ።

ፊቴን አየኝ። የድሮውን እኔን እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ። ጥቂት ፈለገው፤ ከዚያ ዐይኑን መለሰና አካፋውን አነሳ።